ቀለብ ካላመጣ ልጅ አልሰጥም ማለት ይቻላል? (ደሴ – ኮምቦልቻ)

የቧንቧ ውሃ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ሦስት ጊዜ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ። አሁን ሳላነበው ልለጥፈው ነው።

ከልጄ አባት ጋር ከተፋታን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ሽማግሌ ገብቶ ነበር፣ አልሆነም። በስምምነት ነው የተለያየነው። አንዲት የ7 ዓመት ልጅ አለችን። ውሳኔው ልጅቷ እኔ ጋር ደሴ እንድታድግ፣ አባቷ በየ15 ቀኑ ቅዳሜ ወስዶ እሁድ እንዲመልሳት፣ በወር 3,000 ብር ቀለብ እንዲከፍል ይላል። እሱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ እዚያው ተከራይቶ ይኖራል።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበርን። ነገር የጀመረው በሹራብ ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፣ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ ልጅ ያለ ሹራብ ከቤት አይወጣም። ኮምቦልቻ ደግሞ ሙቀት ነው። ቅዳሜ ሹራብ አልብሼ እሸኛታለሁ፣ እሁድ ማታ በስስ ቲሸርት ትመጣለች። የሐረጎን ዳገት የሚወጡት መሽቶ ነው። መናኸሪያ ስቀበላት እጇ በረዶ ነው። «ሹራብሽስ?» ስላት «አባዬ ቤት ረሳሁት»። በዚህ ክረምት ብቻ ሦስት ሹራብ ኮምቦልቻ ቀረ። ለምን አትልክም ብዬ ስደውልለት «ለሹራብ ብለሽ ነው የምትደውይው?» ብሎ ዘጋብኝ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ማውራት ትተናል። የምንነጋገረው በልጅቷ ነው። «ለእማዬ እንዲህ በያት»፣ «ለአባዬ እንዲህ በይው»።

አሁን ደግሞ ሁለት ወር ቀለብ አልላከም። ባለፈው ቅዳሜ ሊወስዳት ቤት ድረስ መጣ። «ቀለቡን አምጣና ውሰድ» አልኩት። ልጅቷ ቦርሳዋን አዝላ በር ላይ ቆማለች። እሱ አንድ ቃል ሳይናገር ዞሮ ሄደ። እሷ ቦርሳዋን ሳታወርድ እስከ ምሳ ሰዓት ቁጭ ብላ ዋለች።

እናቴ «ደግ አደረግሽ» አለችኝ። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ «የልጅ ሆድ አታስብሺ» ብለው ተቆጡኝ። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። በሕግ ልክ ነኝ ወይስ አይደለሁም?

---

ሰኞ ገበያ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡22

ልክ ነሽ እህቴ። ልጅ በአየር አትበላም። ይልመድበት።

ነጋዴው ከመርሳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ነጥብ። እየተከታተልኩ ነው፣ እኔም አለብኝ።

---

ዓሣ አጥማጅ ሐይቅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡58

እኔ ያ ዞሮ የሄደው ሰውዬ ነኝ። ማለቴ የእርስዋ ባል አይደለሁም፣ ግን በዚያው በር ላይ ቆሜያለሁ።

የኔ ነገር ከእናንተ ተገልብጦ ነው የመጣው። እናትየዋ ልጆቼን ሁለት ጊዜ ስትከለክለኝ «ካላየኋቸው ለማን ብዬ ነው የምከፍለው» ብዬ ቀለብ አቆምኩ። አራት ወር። ጓደኞቼ ሁሉ «ወንድ ነህ» አሉኝ። ችሎት ስቀርብ ዳኛዋ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። «በእነዚህ አራት ወራት ልጆቹ ምሳ የበሉት ከየት ነው?» መልስ አልነበረኝም። ደረቴን ነፍቼ የገባሁ ሰው አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

የተጠራቀመውን በሁለት ጊዜ ከፈልኩ። በዚያው ቀን ለእናትየዋም «ልጆቹን በተባለው ቀን ትሰጫለሽ» ተባለላት። ዳኛዋ ሁለቱንም ለየብቻ ነው ያየችው። አንዱ ለአንዱ ምክንያት አልሆነም።

ያኔ ግን ትንሹ ልጄ ለምዶኝ የነበረውን ረስቶኝ ነበር። አራት ወር ለሦስት ዓመት ልጅ ብዙ ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት ቀን «ጋሼ» አለኝ።

---

ጥቁር ካባ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ጠበቃ ነኝ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ችሎት እቆማለሁ። መዝገብሽን ስላላየሁ በጥቅሉ ነው የምነግርሽ።

አጭሩ መልስ፦ አይቻልም። ቀለቡ የልጅቷ ነው። አባቷን ማየትም የልጅቷ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ስለተጻፉ አንዱ የሌላው መያዣ አይሆንም። እሱ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ ታስከፍቻለሽ። ደመወዝተኛ ነው ብለሻል፤ ፍርድ ቤቱ ለሚሠራበት ድርጅት ይጽፋል፣ ከደመወዙ ተቆርጦ ይመጣል። ከዚያም ያለፈ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 አለ፣ ቀለብ የመስጠት ግዴታን አለመወጣት ያስቀጣል። እኔ ግን ባለጉዳዮቼን ወደዚያ አልገፋም። የታሰረ አባት ቀለብ አይከፍልም።

ልጅ መከልከል ግን አንቺን ያስጠይቅሻል። በስምምነት ብትፋቱም ስምምነቱን ያጸደቀው ፍርድ ቤት ነው፣ ስለዚህ የፍርድ ያህል ነው። እሱ ቀድሞሽ ችሎት ከሄደ «ቀለብ ያልከፈለ አባት» ሆኖ አይቀርብም። «ልጁን የተከለከለ አባት» ሆኖ ነው የሚቀርበው። የራስሽን ጥሩ መዝገብ ለምን ታበላሺዋለሽ?

ለእሱም የሚሆን ነገር ልናገር። ገቢው ከቀነሰ «ቀለቡ ይሻሻልልኝ» ብሎ ማመልከት ይችላል። ቀለብ የሚወሰነው በሰጪው አቅምና በተቀባዩ ፍላጎት ነው፣ ሁለቱ ሲለወጡ ይለወጣል። በገዛ እጁ ማቆም ግን አይችልም። አንቺም ሳትጠይቂ ብዙ ወር አታሳልፊ። የቆየ ቀለብ ማስከፈል እየከበደ ይሄዳል።

ሌላም በየቀኑ የምሰማው ስህተት አለ። «ልጅ እስከ 5 ዓመት የእናት ነው» ይባላል። ይሄ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ከባድ ምክንያት ከሌለ ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ለእናቱ ይሰጥ ይል ነበር። በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213፣ ያን ድንጋጌ ትቶታል። አንቀጽ 113ን ብታነቢ ዳኛው እንዲያይ የሚያዘው የተጋቢዎቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጁን ዕድሜና ጥቅም ነው። ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ አዋጅ 79/1995፤ በዚህ ነጥብ መንፈሱ ያው ነው። የዛሬው ውሳኔ እንደ ድንጋይ የቆመም አይደለም፣ ሁኔታ ሲቀየር ፍርድ ቤቱ መልሶ ያየዋል።

በነገራችን ላይ ችሎት ውስጥ «ሞግዚት» ሲባል ልጅ የምትይዘው ሠራተኛ ማለት አይደለም። አንዲት እናት «ክቡር ዳኛ፣ እኔ እናቱ ነኝ እንጂ ሞግዚቱ አይደለሁም» ብላ ችሎቱን ሁሉ አስቃለች። በሕግ ቋንቋ ሞግዚት ማለት በተለይ በንብረቱና በጥቅሙ ጉዳይ ልጁን የሚወክለው ሰው ነው።

---

ባጃጅ ሹፌር ቆቦ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡47

ጥቁር ካባ፣ አነጋገርህ ያምራል። ግን ሕግ ለደመወዝተኛ ነው። የእኔ እህት ባል የቀን ሠራተኛ ነው፣ ዛሬ ወልድያ ነገ ሚሌ። ከምኑ ነው የሚቆረጠው? እህቴ ለአንድ ዓመት ከሥራዋ እየቀረች ችሎት ተመላልሳ ያገኘችው ወረቀት ነው። ወረቀቱን ቁም ሳጥን ውስጥ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች።

ጥቁር ካባ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡02

እውነትህን ነው፣ አልከራከርህም። ንብረት ካለው በንብረቱ ላይ ይፈጸማል፤ ከብት፣ ቤት፣ ባጃጅም ቢሆን። ምንም የሌለው ላይ ግን ሕጉ አቅም ያጥረዋል። ለጠበቃ የሚከፍሉት ለሌላቸው ግን አንድ ነገር ልበል። የፍትሕ ጽሕፈት ቤትና የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቁ። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ክስ ለመጻፍ ብለው ደጃፍ ላይ ላለ ራፖር ጸሐፊ ገንዘባቸውን አይጨርሱ።

---

የቧንቧ ውሃ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡15

ስላነበባችሁልኝ አመሰግናለሁ። ጥቁር ካባ፣ ገባኝ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናድጃለሁ። ሁሉም የሚነግረኝ የእሱን መብት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ ፀጉሯን የምሠራው እኔ፣ ሲያማት ሌሊት ተሸክሜ የምሮጠው እኔ። እሱ በ15 ቀን አንዴ ብስኩትና ለስላሳ ገዝቶ የዓመት በዓል አባት ነው። እኔ ሁልጊዜ «ደብተርሽን አምጪ» የምል ክፉ እናት ነኝ።

ሸዋ በር 08 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡19

ከመጀመሪያውስ ለምን ተፋታችሁ? የዛሬ ሴት ትዕግስት የላትም። የእኛ እናቶች ስንቱን ችለው...

የመድረኩ ጠባቂ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡24

ሸዋ በር 08፣ የተጠየቀውን መልስ። ለምን ተፋቱ የሚለው አልተጠየቀም። የሚቀጥለውን እሰርዛለሁ።

ኡሙ ሁለት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡31

አብሽሪ እህቴ። ንዴትሽ ልክ ነው። ግን ንዴቱ የእሱ ነው፣ ቦርሳው የእሷ ነበር።

ጠበቃው፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። እኛ ኒካህ ነው ያሰርነው። ባሌ «የሀዳና (ልጅ የማሳደግ) ጉዳይ ቃዲ ጋር ነው የሚታየው፣ ሌላ ቦታ አልሄድም» ይላል። ግዴታ ነው?

ጥቁር ካባ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡40

ግዴታ አይደለም፣ ክልክልም አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፣ ግን ሁለቱም ሲስማሙ ነው። አንቺ ፈቃደኛ ካልሆንሽ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። ፈቃደኛ ከሆንሽ ደግሞ ሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ይወስናል። ፈቃድሽን ስትጠየቂ ነገሩ ሳይገባሽ አትፈርሚ፣ ዋናው እሱ ነው።

---

ጅዳ ያለች | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 7፡05

ሰላም ያ ጀመዓ። እዚህ ሥራ የምጨርሰው አሁን ነው። የሌላ ሰው ክር ላይ ስለገባሁ ይቅርታ፣ ግን ነገሬ ቅርብ ነው።

ልጄን የአንድ ዓመት ከስድስት ወር ልጅ ሆኖ ለእናቴ ሰጥቼ ነው የወጣሁት። ወረባቦ ነን። አባቱ ያኔ ገና በእርግዝናዬ ነው የጠፋው። አሁን ልጁ 9 ዓመቱ ነው። እናቴን «እማ» ነው የሚላት፣ እኔን «እማማ ጅዳ»። ባለፈው ወር አባትየው ሚስት አግብቶ፣ ቤት ሠርቶ መጥቶ «ልጄን ስጡኝ፣ እናት የለችም፣ አያት መብት የላትም» አለ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን ብቻውን ውሃ እንኳ አትልከውም። መብት የለንም ወይ?

ጥቁር ካባ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡50

አይዞሽ። አንቺ በሕይወት ስላለሽ የመጀመሪያው ነገር «እናት የለችም» የሚለው ውሸት ነው። ውጭ አገር መሥራት እናትነትን አያስቀርም።

ሁለተኛው፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠውን ውሳኔ ጠበቃሽ ያውቀዋል። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስት ነበረች ያሳደገችው። አባት ከረጅም ዓመታት በኋላ መጥቶ ልጁ ይሰጠኝ አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች አባት ነውና ይገባዋል አሉ። ሰበር ግን ሻረው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 እና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ስምምነት የሚሉት የልጁን ጥቅም አስቀድሙ ነው፤ አባት መሆን ብቻውን አይበቃም አለ። የሰበር ትርጓሜ የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። የኔ ግምት እንዲህ ነው፦ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልጠየቀ አባት በአንድ ጠዋት ልጁን በእጁ ይዞ አይሄድም። ልጁን የማየት፣ ቀስ በቀስ የመላመድ መብት ግን ሊሰጠው ይችላል፣ ይሄንንም ለእናትሽ ንገሪያት።

የምትልኪውን ገንዘብ ደረሰኝ አታጥፊ። እናትሽ ትምህርት ቤት ያስመዘገበችበት፣ ያሳከመችበት ወረቀት ካለ ትሰብስብ። ውክልናም ስጫት፣ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄደሽ ይረጋገጣል።

ጅዳ ያለች | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

አላህ ይስጥህ ወንድሜ። ለእናቴ በድምፅ ቀድቼ ላክሁላት። «ልጁ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ በር ላይ እቆማለሁ» ትለኝ ነበር፣ አሁን ትንሽ ተነፈሰች።

---

የሁለት ቤት ልጅ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

እዚህ ሁሉም እናትና አባት ነው የሚጽፈው። እኔ ልጁ ነኝ። ማለት አሁን 29 ዓመቴ ነው፣ ግን ያኔ 8 ነበርኩ። አባቴ ሐይቅ፣ እናቴ ደሴ። አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን። ወሎ ስለሆነ ሲጋቡ የገረመው የለም፣ ሲፋቱም የገረመው የለም።

የእኛ ነገር የከረረው ሥጋ ላይ ነው። ሠርግ ስንደግስ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ አንድ ድንኳን ውስጥ ይበላል። ሁለቱም ወገን አይቀያየምም። እኔ ግን ሆዴ አንድ ነው። አባቴ ቤት ስደርስ አክስቴ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «እዚያ ምን አበሉህ?» ትለኛለች። ደሴ ስመለስ አጎቴ «እዚያ ምን በላህ?» ይለኛል። ለሁለቱም «ሽሮ» እላለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ፣ በአረፋም በፋሲካም፣ ሽሮ ብቻ የበላሁ ልጅ ነኝ።

ያዳነችኝ የእናቴ እናት ናት፣ ነፍሷን ይማር። አንድ ቀን ቡና ላይ አጎቴ ያንኑ ሲጠይቀኝ ስኒውን ከእጁ ወሰደችበት። «ይሄን ልጅ ምን በላህ ብሎ የሚመረምር ከኔ ቤት ቡና አይጠጣም» አለች። ለአባቴም በሰው ላከችበት። «እዚያ የእናንተን፣ እዚህ የኛን። ሲያድግ ራሱ ያውቅበታል» ብላ። አባቴ የተፋታትን ሚስቱን እናት እስክትሞት ድረስ በየአረፋው ይጠይቃት ነበር።

ዋናው ልነግርሽ የፈለግኩት ግን ስለ መልእክት ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ እናቴ ሁልጊዜ «አባትህን ቀለቡን እንዳትረሳ በለው» ትለኝ ነበር። ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን ሙሉ ያቺን ዓረፍተ ነገር በልቤ እላታለሁ። «እማዬ ቀለቡን እንዳትረሳ ብላለች። እማዬ ቀለቡን እንዳትረሳ ብላለች።» ከዚያ አባቴ ይመጣል። ያቅፈኛል። ዓሣ ተጠብሶ ይጠብቀኛል። እኔ ያቺን ነገር ተናግሬ ፊቱ ሲጠቁር ማየት አልፈልግም። አልነግረውም። እሁድ ስመለስ እናቴ «ነገርከው?» ትለኛለች። «ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል» እላታለሁ።

እናቴ አልከፈለም ብላ ከሰሰችው። አባቴ ሳትጠይቀኝ ከሰሰችኝ ብሎ ተናደደ። ሦስት ወር ችሎት ተመላለሱ። በእኔ ውሸት። እስከ ዛሬ ሁለቱም አያውቁም፣ እዚህ ነው የጻፍኩት።

ልጅሽ ምን እንዳለችው፣ እሱ ምን እንዳላት፣ እርግጠኛ ነሽ?

ነጋዴው ከመርሳ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡41

ሱቄን ዘግቼ ነው ያነበብኩት። በቃ።

ኡሙ ሁለት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡55

ሽሮ ብቻ የበላ ልጅ... አንጀቴን በላኸው።

---

አያ ኩታበር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡15

ልጆቼ፣ ይሄን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፣ እኔ እናገራለሁ።

በአካባቢያችን ሽምግልና ስቀመጥ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ሰው ሽማግሌ የሚገባው ለማስታረቅ ብቻ ይመስለዋል። አንዳንዱን ጎጆ እያወቅን ነው የምናፈርሰው፤ ካልፈረሰ ሰው ይሞትበታል። ስናፈርስ ግን ስለ ልጁ ለብቻው እንቀመጣለን። ስለ በሬውና ስለ ቤቱ በተጨቃጨቁበት ቀን ስለ ልጁ አናወራም። ሌላ ቀን ነው። በበሬው ንዴት ላይ ልጅ አይነሳም።

ስትቀመጡ ሁለቱም ወገን የሚሰማው አንድ ሰው ይኑር። አክስትም ትሁን ጎረቤት። ልጅቱን እሱ ያቀብል፣ እሱ ይቀበል። ፊት ለፊት መተያየት የከበዳቸው ሰዎች በር ላይ አይገናኙ። በር ላይ ነገር ይበዛል።

ፍርድ ቤት የወሰነውን ሽማግሌ አይሽረውም። ያን ለሚሉ ሽማግሌዎች ጆሮ አትስጪ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን እንደሚያመጣ፣ የዓመት በዓሉን ግን ሽማግሌ ያስተካክላል። ዳኛ ያንን ሁሉ አይጽፍም፣ ጊዜም የለው።

ጥቁር ካባ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡40

አያ፣ እርስዎ ያሉት ላይ አንድ ልጨምር ይፈቀድልኝ። የተስማሙበትን በጽሑፍ አድርገው ሁለቱም ይፈርሙ፣ ከተቻለ መዝገቡ ጋር ያያይዙት። ቃል ሲሞቅ ያምራል፣ ሲቀዘቅዝ ይረሳል።

አያ ኩታበር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡52

ድሮ ቃል ይበቃ ነበር። እሺ፣ ይጻፍ።

---

ፒያሳ ኪዮስክ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

እኔ ምክር የለኝም፣ የሆነብኝን ልንገርሽ። በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ወንዱ ልጄ ኮምቦልቻ አባቱ ጋር ነበር። ቅዳሜና እሁዱ ስለነበር። እኔ ደሴ። ስልክ ጠፋ። ከዚያ በፊት ከአባቱ ጋር ለአንድ ዓመት ሰላም አንባባልም ነበር፣ ቁጥሩን እንኳ ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። በዚያ ወር ቁጥሩን ለማስታወስ ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፍኩ ስሞክር ነበር። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች አልመጡልኝም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማው ሲለቀቅ አባቱ ልጁን በእግርም በመኪናም ይዞት መጣ። የልጁን ጫማ አውልቆ የራሱን ካልሲ በላይ በላይ ደርቦ አልብሶታል። እኛ አልታረቅንም። አሁንም የማልወደው ሰው ነው። ቁጥሩ ግን በቃሌ አለ፣ በልጄ ደብተር ሽፋን ላይም ተጽፏል፣ እናቴም ዘንድ አለ።

ቢያንስ ስልክ አትዘጊ።

---

የቧንቧ ውሃ ልጅ | እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡05

የጠፋሁት ላስብ ነው። ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፣ የሁለት ቤት ልጅ የጻፈውን ሁለት ጊዜ።

ሐሙስ ማታ ራሴ ደወልኩለት። መጀመሪያ ዝም አለ። «ቅዳሜ ናና ውሰዳት፣ ስለ ገንዘቡ ለብቻው እናወራለን» አልኩት። «ልጅቱ ነግራሽ አይደል?» አለኝ። ምኑን? ድርጅቱ ውስጥ ሥራ ቀንሶ ግማሽ ደመወዝ እየተከፈላቸው እንደሆነ፣ ለወሩ 1,500 ብር ልላክ ወይስ ሙሉውን ሳገኝ ልላክ ብሎ በእሷ በኩል ጠይቆኝ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ «አባዬ አሁን ገንዘብ የለኝም ብሏል» የሚለው ብቻ ነው። የ7 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት አድርጋ ትሸከመው?

ትናንት 1,500 በቴሌብር ላከ፣ ምክንያቱ ላይ «የጥቅምት ቀለብ ግማሽ» ብሎ ጽፎበታል። የቀረውን በጽሑፍ ተነጋገርን። ጥቁር ካባ፣ የአፈጻጸም መዝገብ አልከፈትኩም፣ ግን የውሳኔውን ግልባጭ አውጥቻለሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ካልሆነ እሄዳለሁ። እሱም ቀለቡ እንዲስተካከል ማመልከት እንደሚችል ነገርኩት። «ማን ነገረሽ?» አለኝ። አልነገርኩትም።

አያ፣ እትዬ ጎረቤቴ ናቸው የሚያቀብሉት። ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው ቤት ቡና ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። እኔ ከቤቴ አልወጣሁም። በመስኮት ግን አየሁ፣ አልዋሽም።

ዛሬ ማታ ሹራብ ለብሳ መጣች። ሦስቱንም ሹራቦች በፌስታል ይዛለች፣ ታጥበው ታጥፈዋል። አብሮ መልእክት ላከልኝ። «ሁልጊዜ ላልብሳት ስል እማዬ እዚህ ይቀመጥ ብላለች ትለኝ ነበር። አንቺ ያልሽ መስሎኝ ነው» ይላል። እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ለምን እንዳለች አልጠየቅኳትም። ተኝታለች። ሁለቱን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁ። ቢጫውን፣ የምትወደውን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሼ ልልከው ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ኡሙ ሁለት | እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡20

ቢጫው እዚያው ይክረም እህቴ። ለመንገዱ ሌላ አልብሻት፣ ሐረጎ ላይ ጉሙ ጀምሯል።